እሳቱ የት ነው?

እናቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባች በሦስተኛው ቀን ጧት ቤቱን ክፍል በክፍል ዞረችና ማድ ቤት መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ልጄ፣ እሳቱ የት ነው?»

«የምን እሳት?»

«ቤቱ ይሞቃል። ምድጃ አላየሁ፣ ከሰል አላየሁ፣ ጭስ አልሸተተኝ። ታዲያ ሙቀቱን ከየት ታመጡታላችሁ?»

ደስ አለኝ። ቤቴ እንግዳ ጠፍቶበት አያውቅም። ስለ ፎቁ፣ ስለ ሶፋው፣ ስለ ባንክ ዕዳው የጠየቀኝ ብዙ ነው። እሳቱ የት እንዳለ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም። ገበሬ የሚያከብረውን እንግዳ በረት ወስዶ በሬዎቹን እንደሚያሳየው፣ እኔም እናቴን ክንዷን ደግፌ ወደ ቤዝመንት ይዣት ወረድኩ።

እዚህ ላይ እናቴን ደረጃው ላይ ላቁማትና ስለ ኩራቴ ላውጋችሁ። አለዚያ በኋላ የደረሰብኝ ውርደት ልኩ አይታያችሁም።

ያለፈው ሐምሌ ነው። እዚህ አገር ሐምሌ በጋ ነው፤ ይህን ለእናቴ በስልክ ማስረዳት ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። ሙቀቱ 96 ፋራናይት ደርሷል፤ በእኛ አቆጣጠር 35 ዲግሪ ከምናምን ነው። ከእርጥበቱ ጋር ሸሚዝ ከጀርባ አልላቀቅ ይላል። በዚህ መሐል ኤሲው ቆመ። ቆመ ስል፣ ጓሮ ያለው ትልቁ ሣጥን «እምምም» እያለ ያጉረመርማል፣ አናቱ ላይ ያለው ፋን ግን አይዞርም። ቤት ውስጥ ነፋሱ ይመጣል፤ ለብ ያለ፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ የመሰለ።

ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ መጥቶ አየና ወዲያው ፈረደ። «ጋዙ አልቋል።»

የእኛ ሰው ፍሪጅም ይሁን የመኪና ኤሲ ማቀዝቀዝ ባቆመ ቁጥር ጋዙ አለቀ ይላል፣ ልክ እንደ ቡታጋዝ። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ኤሲ ግን ጋዝ አይበላም። ያው አንዱ ጋዝ በመዳብ ቧንቧ ውስጥ እየተመላለሰ ከቤት ሙቀት ይጠጣል፣ ደጅ ወጥቶ ይተፋል፤ ዕድሜ ልኩን ሥራው ይኸው ነው። ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በተቀደደ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው። ደግሞም አሜሪካ ውስጥ ያንን ጋዝ መነካካት የሚፈቀድለት «ክፍል 608» በሚባለው ሕግ ተፈትኖ ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ብቻ ነው። የድሮ ኤሲዎች የሚሠሩበት አር-22 የሚባለው ጋዝማ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ከ2020 ጀምሮ አዲስ ማምረትም ከውጭ ማስገባትም ቀርቷል። እንግዲህ ወዳጄ እውነቱን ቢሆን ኖሮ የእኔ ድርሻ ቦርሳ መክፈት ብቻ ነበር።

ቦርሳዬን ከመክፈቴ በፊት ግን ቀጭን እንጨት አነሣሁ። በፍርግርጉ ቀዳዳ አስገብቼ የፋኑን ክንፍ ገፋ አደረግሁት። እንደ አኩራፊ ልጅ ትንሽ አሰበና ዞረ! ሞተሩ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ያጣው የሚያስነሣውን ነው። የሚያስነሣው ደግሞ ካፓሲተር የሚባል የቆርቆሮ ጣሳ ነው። መብራቱን ቆርጬ ጎኑን ፈትቼ ሳየው አናቱ እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሏል። የጤነኛው አናት ጠፍጣፋ ነው።

ቀልድ የሌለበት ነገር ቢኖር ይህ ጣሳ ነው። መብራት ከተቆረጠም በኋላ ሆዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስቀራል፣ ሳያስብ የነካውንም ሰው ያነጥራል። ዐዋቂዎች በሬዚስተር ያራግፉታል። እኔ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ ጫፎቹን አገናኘሁና ከፍንጣሪዋ ጋር እኩል ወደ ኋላ ዘለልኩ፤ እናንተ እንዲህ አታድርጉ። የሽቦዎቹን አገባብ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን 45/5 ማይክሮፋራድ የሚል ቁጥር ይዤ ሄጄ መሰሉን በሃያ ዶላር ገዛሁ፣ በፎቶው መሠረት መለስኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፋኑ ዞረ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ፣ ባለቤቴ አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር መኖር አስቸጋሪ ሆነ። ልቅሶ ቤት ተቀምጬ አንዱ የልብስ ማጠቢያው መቆሙን ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ከሰማሁ፣ ሦስት ወንበር ተሻግሬ «ካፓሲተሩን አይተኸዋል?» እላለሁ። ማኅበርም ላይ እንዲሁ፣ ክርስትናም ላይ እንዲሁ። «ኢንጂነር» አሉኝ። ለቀልድ መሆኑን እያወቅሁ በቁም ነገር ተቀበልኩት።

በዚህ ማዕረግ ነው እንግዲህ እናቴን ወደ ፈርነሱ ያወረድኳት።

ፈርነስ ማለት ለማያውቀው ሰው ቁም ሣጥን የሚያህል የቆርቆሮ ሣጥን ነው። «እሳቱ እዚህ ታች ነው» አልኳት። «ጋዙ ከመንገድ በቧንቧ ይመጣል፣ በነዚህ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ይነዳል። አየሩ እሳቱን አይነካውም፤ የጋለውን ቱቦ ከውጭ እየተሻሸ ሞቆ ያልፋል። ጭሱ ለብቻው በዚህ ነጭ ቧንቧ ደጅ ይወጣል።»

«አየሩስ ከየት ይመጣል?»

«ከዚሁ ከቤቱ ነው። ፎቅ፣ ከመኝታ ክፍልሽ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ ፍርግርግ አለ አይደል? እሱ ይስባል። ወለሉ ላይ ያሉት ትንንሾቹ ደግሞ ይሰጣሉ።»

«እሱ ይወስዳል፣ እነሱ ይሰጣሉ» አለች፣ እንደ ደቀ መዝሙር እየደገመች። አስተማሪነቴ ደስ አሰኘኝ።

«ማን ሠራው?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን መልስ አልነበረኝም። በኋላ አንብቤ ነገርኳት። ማቀዝቀዣው እንኳ መጀመሪያ ለሰው ታስቦ የተሠራ አይደለም። ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1902 ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የነደፈው ነው፤ በእርጥበት ወረቀቱ እያበጠና እየተኮማተረ ቀለሙ ቦታውን እየሳተ ስላስቸገራቸው። ማሞቂያው ላይ ደግሞ አሊስ ፓርከር የምትባል የኒው ጀርሲ ጥቁር ሴት አለችበት። በጋዝ እየነደደ የሞቀውን አየር ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ማሞቂያ ነድፋ በታኅሣሥ 1919 የፈጠራ መብቷን አስመዝግባለች። እናቴ ካሪየርን በአንድ ጆሮዋ ሰማችው። ስለ ፓርከር ስነግራት ግን «ሴት ናታ! ብርዱ ማድ ቤት አግኝቷት ነዋ» አለች። ታሪኳን የጻፉት ሰዎች ብዙም የተሻለ ነገር አልጨመሩም።

ያን ዕለት ፈርነሱ ሲነሣ በትንሿ መስተዋት አሳየኋት። ሰማያዊ ነበልባሎች ተደርድረው ወደ ቱቦዎቹ ሲገቡ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ይቺን ታህል እሳት ለዚህ ሁሉ ቤት? ደብረ ብርሃን ብትሆን ቡና አታፈላም።»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ብርድ የሚያውቅ ሰው አገሩ እዚያ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካም ያቆሙት ቦታውን ዐውቀው ነው። እናቴም «አሜሪካ ብርድ ነው» ሲሏት ሰምታ ከሻንጣዋ ግማሹን ለድርቆሽና ለበርበሬ፣ ግማሹን ለአንድ ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሰጥታ ነው የመጣችው።

ጥር ገባ። የከተራ ዕለት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፍንጫዬ ቀዝቅዞ ነቃሁ። ቴርሞስታቱ 70 ላይ ተሞልቶ ሳለ ቤቱ 58 ፋራናይት ወርዷል፤ ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ደጅ ደግሞ ከዜሮ በታች ስምንት ነው። ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ሰው እንጥራ» አለች።

«ሰው? እኔስ?» አልኩ።

መጀመሪያ የቴርሞስታቱን የባትሪ ድንጋይ ቀየርኩ። ፈርነሱ ተነሣ! ወደ አልጋዬ ተመልሼ ስለ ራሴ ጥሩ ጥሩውን እያሰብኩ ሳለ ቀጥ አለ።

በነጋታው ሆም ዲፖ ሄጄ በ64 ዶላር አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁ። ቴርሞስታት ከግድግዳው የሚወጡ አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ እያንዳንዱ በፊደል ይጠራል፣ ኃይል የሚያመጣው ቀዩ «አር» ነው፣ መላሹ «ሲ» ነው። መመሪያው ከሁሉ በፊት የፈርነሱን መብራት አጥፋ ይላል። 24 ቮልት ምን ያመጣል ብዬ ተውኩት። እውነት ነው፣ 24 ቮልት እኔን ምንም አላደረገኝም። ቀዩ ሽቦ «ሲ»ን ሲነካ ግን «ጢስ» የምትል ትንሽ ድምፅ ተሰማችና አዲሱም ቴርሞስታት፣ ታች ያለው ፈርነስም አብረው ጨለሙ።

የታክሲ ነጂው ወዳጄ መጣ። ቤዝመንት ወርዶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ፈርነሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና «ጋዙ አልቆ ይሆናል» አለ።

«ጋዙ ከመንገድ ነው የሚመጣው!»

«እሺ፣ ፊውዙስ?»

የሰው ምክር አንዳንዴ ከአሥር አንዱ ይመታል። የፈርነሱን ፊት ከፈትነው። ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ እንደ መኪና ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የ3 አምፔር ፊውዝ ተሰክቷል፤ መሐሉ ተቃጥሏል። ወዳጄ ከመኪናው ሄዶ አንድ አመጣ፣ ሰካን። ምንም የለም። ድርቅ! ሰሌዳው ላይ ትንሽ መብራት እንኳ አይበራም። እኔና እሱ እርስ በርሳችን ተያየን፤ የፈርነስ ዋጋ በሺዎች ነው የሚቆጠረው። ሩብ ሰዓት ያህል አንጀቴ ከተላወሰ በኋላ ነው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ «አባዬ፣ ይሄ ቁልፍ ምንድን ነው?» ብሎ በጣቱ አንዲት ትንሽ ነገር የተጫነው። ሁሉም ነገር ነፍስ ዘራ። የፈርነስ መዝጊያ ሲከፈት ኃይሉን የሚቆርጥ ማብሪያ አለው፤ ሰው ክንፉ ውስጥ እጁን እንዳይከት ነው። ፍሪጅ ሲከፈት መብራት ይበራል፣ ፈርነስ ሲከፈት ይጠፋል። ወዳጄ «እኔ ልነግርህ ነበር» አለ።

ልጄ ቁልፉን በጣቱ እንደያዘ ቀጥሎ የሚሆነውን ተራ በተራ አየን፤ እውነት ለመናገር ከቲያትር አያንስም። መጀመሪያ ትንሿ ፋን ተነሥታ ጭሱ የሚወጣበትን መንገድ ትጠርጋለች። መንገዱ ክፍት መሆኑን አንዲት ክብ መቆጣጠሪያ በጎማ ቱቦ አሽትታ ትመሰክራለች። ያን ጊዜ ማቀጣጠያው እንደ ፍም ይቀላል፣ ጋዙ ይለቀቃል፣ እሳቱ ቦግ ይላል። አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ እሳቱ ውስጥ ተዘርግታ «አዎ፣ ነዷል» ብላ ካልመሰከረች በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ጋዙ ይዘጋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ትልቁ ፋን ሞቃቱን አየር ወደ ቤት ይገፋል። ምስክር በምስክር ላይ ነው፤ አንዱ ከቀረ ፍርድ የለም።

ፈርነሱ ነደደ፣ ሞቀ፣ ተቃቀፍን። ወዳጄ ሄደ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ጠፋ፤ ነፋሱ ግን መንፈሱን አልተወም። ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

ብልጭታዋ ቋንቋ ነው። ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ቆጥራችሁ መዝጊያው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ታያላችሁ፤ ችግሩን ይነግራችኋል። የመዝጊያው ማብሪያ ላይ ናስትሮ ለጥፌበት (ይህንንም አታድርጉ) ከልጄ ጋር ሆነን ቆጠርን። ሦስት።

እናቴ ከኋላችን በርጩማ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛለች። «አራት ነው» አለች።

«ሦስት ነው እማዬ።»

«አራት ነው ልጄ፣ የመጀመሪያዋ ፈጠን ትላለች።»

ይቺ ሴት ስድሳ ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ ጸሎቷን በመቁጠሪያ ስትቆጥር አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እኔ ደግሞ በየወሩ የባንክ ሒሳቤ የሚዛባብኝ ሰው ነኝ። ሦስት ነው አልኩና ጸናሁ። ወረቀቱ ለሦስት የሰጠው ትርጉም ያቺ የጭስ መንገድ መስካሪ ከለከለች የሚል ነው። ስለዚህ ባትሪ ይዤ፣ በበረዶ ውስጥ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወደ ጓሮ ወጣሁና ነጩ ቧንቧ አፍ ውስጥ አበራሁ። አንዲት የደረቀች ቅጠል አገኘሁ። አወጣኋት፣ እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ፈርነሱ ተነሥቷል! ቅጠሏን ለማስረጃ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠፋ።

እንግዲህ ለአራት ቀን የሆነው ይኸው ነው። እሳቱን የምትመሰክረውን ዘንግ ፈትቼ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ወለወልኳት፤ ጥላሸት ሲሸፍናት አላየሁም ብላ ትመሰክራለች ሲሉ ሰምቼ ነው። ተነሣ፣ አሥር ደቂቃ ነደደ፣ ጠፋ። በ19 ዶላር አዲስ ዘንግ ገዛሁ። ተነሣ፣ ነደደ፣ ጠፋ። በ38 ዶላር ክቧን መቆጣጠሪያ ቀየርኩ። ተነሣ፣ ጠፋ። የነካሁት ሁሉ ይድናል፣ የዳነው ሁሉ በአሥር ደቂቃ ይሞታል። እያንዳንዱን ጊዜ «አገኘሁት!» ብዬ ደረጃውን እየሮጥኩ እወጣ ነበር። በአራተኛው ቀን ልጄ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ስረግጥ ሰዓቱን መመልከት ጀመረ።

ፊልተሩን የቀየርኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ፊልተር ማለት ማሽኑ የሚስበውን አየር የሚያጣራ በካርቶን የተከበበ ወረቀት ነው፤ የእኛው 16 በ25 ኢንች ነው፣ በየሦስት ወሩ መቀየር አለበት። መቼ እንደቀየርኩት አላስታውስም፤ የአስታዋሽነቴን ልክ ግን ቀለሙ ነገረኝ። ሳወጣው የሱፍ ጋቢ ሆኗል። የሸተተኝን ብነግራችሁ አታምኑም፦ ዕጣን፣ ቁሌት፣ ቡና። የሁለት ዓመት በዓላችን በሙሉ እዚያ ላይ ተቀምጧል። በኀፍረት፣ ለእናቴም ሳንባ ብዬ፣ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን መረጥኩ፤ «ሜርቭ 13» የሚል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ 27 ዶላር። ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር ቆሻሻን ብቻ ሳይሆን አየርንም እንደሚከለክል ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ቤቱ ውስጥ ሕይወት ወደ አንድ ክፍል ተሰበሰበ። ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በ90 ዶላር ገዛሁ። እያንዳንዱ 1,500 ዋት ነው፤ በ120 ቮልት ሲካፈል 12 አምፔር ተኩል ይጎትታል። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ስሰካ ብሬከሩ ወደቀ። አንዱን አንሥቼ ወደ ማድ ቤት መስመር ሳዛውር ደግሞ ባለቤቴ ምጣዱን ሰካች። እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቶ፣ ግማሹ ሊጥ እንደሆነ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ምንም ያለማለቷ ነው ያስፈራኝ።

እናቴ «ከሰል የለም ወይ አገሩ? ማንደጃ አያይዤ ላስገባላችሁ» አለች። ይህንን ብቻ ነው በቁጣ የመለስኩላት። የከሰል ጭስ ስንቱን ቤተሰብ እንደተኛ እንዳስቀረ አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የማብሰያ ጋዝ እንኳ የሚሸተው ሲፈስ እንዲታወቅ ሽታ ተጨምሮበት ነው፤ ለዚህኛው የሚጨምርለት የለም። ፈርነስም ቱቦው ከተሰነጠቀ ይህንኑ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል በየፎቁ ጠቋሚ መኖር አለበት። የእኛ ቤት አለ፤ ባይኖር ኖሮ በዚያ ሁሉ መነካካቴ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር።

እናቴ ግን የቀዘቀዘችም አትመስልም። ፎቅ በክፍሏ በነጠላዋና በሹራቧ ተቀምጣ «ይሄ ብርድ አይባልም» ትላለች። ብርድ ልብሷን እንኳ አትለብሰውም፤ ከመኝታ ክፍሏ በር ፊት ለፊት ከግድግዳው አስጠግታ ባቆመችው ወንበር ጀርባ ላይ አስጥታዋለች። በቀን ሃያ ጊዜ በዚያ አልፋለሁ። ባለቤቴም ታልፋለች። ሳጥን ሳጥን እንዳይሸት የምታናፍሰው መስሎን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ሳትነግረኝ ደወለች።

የመጣው ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት የማይሞላው ሐበሻ ነው፤ እዚሁ ያደገ፣ አማርኛው ኮልተፍ የሚል፣ ጫማው ላይ የላስቲክ ሽፋን አድርጎ የሚገባ። ቤዝመንት ላወርደው ስል «ቆይ፣ ጋሼ» አለኝ። «እሳቱ ሲጠፋ ነፋሱ ይቀጥላል?»

«ይቀጥላል።»

«ስንት ጊዜ ብልጭ ይላል?»

«ሦ...» አልኩ። እናቴ ከኋላዬ «አራት» አለች።

«አራት ነው የሚመስለኝ» አለ ልጁ፣ ወደ እሷ እያየ። እናቴ ምንም አላለችም፤ መቁጠሪያዋን ብቻ ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው።

አራት ማለት ፈርነሱ ከመጠን በላይ ጋለ ማለት ነው። ቤቱ የቀዘቀዘው ፈርነሱ እየጋለ ነው! እሳቱ ቱቦውን ያግላል፣ በቂ አየር መጥቶ ሙቀቱን ካልወሰደለት ቱቦው እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቅ አንድ መቆጣጠሪያ ጋዙን ይቆርጣል፣ ፋኑ ብቻ እየነፈሰ ያበርደዋል። ሲበርድ መቆጣጠሪያው በራሱ ይመለሳል፣ እሳቱም እንደገና ይነዳል። የእኔ የአራት ቀን ሕክምና ምሥጢሩ ይኸው ነበር። እኔ ካቻቢቴ ይዤ ግማሽ ሰዓት ስታገል ማሽኑ ይበርዳል፤ ስነሣ ይነሣል። ቅጠሏም፣ ዘንጓም፣ ክቧም ምንም አላደረጉም። ያዳነው ሥራ ላይ የዋልኩበት ሰዓት ነው።

ልጁ ቤዝመንት ሳይወርድ ከኪሱ ሶፍት አወጣና ቤቱን ይዞር ጀመር፤ በየፍርግርጉ ፊት ሶፍቱን እያንጠለጠለ ይሰጥ ወይም ይስብ እንደሆነ ያያል። ፎቅ ወጣን። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ ሲያደርገው ከግድግዳው ላይ «ሹክ» ብሎ ተላቀቀ፤ ማሽኑ ስቦ እንደ ማኅተም አጣብቆት ነበር። ከጀርባው ትልቁ ፍርግርግ አለ።

«እማማ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት ያደረጉት?»

«አዎን፣ የኔ ጌታ።»

«ለምን?»

«ነጠላዬን ሳበዋ! ሌሊት በዚያ ሳልፍ ጫፉን ይዞ አልለቅ አለኝ። ልጄም ነግሮኛል፣ ይሄኛው ይወስዳል፣ የወለሉ ይሰጣል ብሎ። የሚሰጠውንማ አልነካሁም። የሚወስደውን ነው የዘጋሁት።»

ኮሪደሩ ላይ አራት ሰው ቆሞ ማንም አልተናገረም። የንግግሯ ስሕተት የቱ ላይ እንደሆነ እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ልጁ ታች ወርዶ ውዱን ፊልተሬንም አወጣና ለዚህ ማሽን ሳሳ ያለው ይሻላል አለ። ናስትሮውን ከመዝጊያው ማብሪያ ላይ ላጠው፤ ስለ እሱ ምንም ሳይናገር ኪሱ ከተተው። ለዚህ ጨዋነቱ አመሰግነዋለሁ። እናቴ እስከ ሦስተኛው ሳታስጠጣው አልለቀቀችውም። ፈርነሱ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ጊዜም ሳይጠፋ ነደደ። ልጁ ሲሄድ «ለዚህ ስንት አስከፈለህ?» አለችኝ። 139 ዶላር፣ ለመምጣቱ ብቻ። እኔ ቀደም ብዬ ያወጣሁት 238 ነው።

«ብርድ ልብሱን ለማንሣት? ብትጠይቀኝ እኔው አላነሣልህም ነበር?»

እናቴ ሰኔ ላይ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። ብርድ ልብሱን ትታልን ነው የሄደችው፤ አሁን አልጋችን ላይ ነው። ደረሰኙን መዝጊያው ጀርባ፣ ከብልጭታው ወረቀት አጠገብ ለጥፌዋለሁ። የተተካ ዕቃ በሚለው ሥር ባዶ ነው። የተሠራ ሥራ በሚለው ሥር በእጅ ጽሕፈት አንዲት መስመር አለች፤ «ብርድ ልብስ ከግድግዳ ላይ ተነሣ።»